ስንት ልጅ፣ መቼ? ከመጨረሻው ልጅ ጀምረሽ ቁጠሪ

ሐዋሳ ላይ 28 ዓመት ሞልቷት ያልወለደች ሴት ሁለት ዓይነት ምክር ይጎርፍላታል። አንዱ ከአክስቶችና ከጎረቤት የሚመጣው ነው፦ «ምን እየጠበቅሽ ነው? ጊዜው እኮ ነጎደ!» ሌላው ከጓደኞቿ ነው፦ «ተያቸው ባክሽ፣ እገሊት በ44 ዓመቷ ወልዳ የለ እንዴ?» ሁለቱም ወደዋት ነው የሚሉት። ግን አንዳቸውም ቁጥር አይነግሯትም። አንዱ ያስደነግጣታል፣ ሌላው ያዘናጋታል።

እኔ በቤተሰብ ዕቅድ ክፍል የምሠራ ሚድዋይፍ ነኝ። ሴቶቹ ገብተው ገና ሳይቀመጡ «የቱ መከላከያ ይሻላል? የማያወፍረው የቱ ነው?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ መልሼ «ስንት ልጅ ትፈልጊያለሽ? የመጨረሻውንስ በስንት ዓመትሽ?» እላቸዋለሁ። ብዙዎቹ ይስቃሉ። «እግዜር የሰጠኝን» የሚሉም አሉ። አሜን። ግን መርፌ ልትወጊ በእግርሽ የመጣሽው አንቺ ነሽ፣ ስለዚህ ጊዜውን እየመረጥሽ ነው። ከመረጥሽ አይቀር አውቀሽ ምረጪ።

እውነተኛው ዕድሜሽ ስንት ነው?

ቀልድ እንዳይመስልሽ። እኛ አገር የመታወቂያ ዕድሜና እናት የምታውቀው ዕድሜ ሁሌ አይገናኙም። ለትምህርት ሲባል የተቀነሰ አለ፣ ዓረብ አገር ለመሄድ የተጨመረ አለ፣ ለሥራ የተስተካከለ አለ። ካርድ ስታወጪ የመታወቂያውን ስጪ፣ ክፍል ውስጥ ስትገቢ ግን እውነተኛውን ንገሪን፤ ለቀበሌ የሚናገርብሽ የለም። ልጅ አልመጣ ያላት የ36 ዓመት ሴት «31 ነኝ» ካለችን «አንድ ዓመት ሞክሪና ተመለሺ» ብለን እንሸኛታለን፣ ሊነገራት የሚገባው ግን «ስድስት ወር» ነበር።

የተወለድሽበትን ቀን የማታውቂ ከሆነ እናትሽን በዘመን ጠይቂያት። «ደርግ የወደቀ ጊዜ ጡት ትጠቢ ነበር» ካለችሽ በቂ ነው፤ ደርግ የወደቀው ግንቦት 1983 ነው፣ አንቺም 35 አካባቢ ነሽ። በስልክ አፕ ፔሬድ የምትቆጥሩ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ አፑ የሚያውቀው የፈረንጅ ዘመን ነው። በእኛ 1990 የተወለደች ልጅ ቁጥሩን እንዳለ ካስገባችው 7 ወይም 8 ዓመት ያስረጃታል፣ ከዚያ ቁጭ ብላ ትጨነቃለች።

ዕድሜ ምን ያደርጋል?

ወንድ ዘሩን ዕድሜውን ሙሉ ያመርታል። ሴት ግን እንቁላሎቿን ጎተራ ውስጥ እንዳለ እህል ይዛ ነው የምትወለደው፣ የሚጨመርበት የለም። ገና በእናቷ ማህፀን የአምስት ወር ጽንስ እያለች ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን እንቁላል አላት። ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ይሆናል። የወር አበባ በምትጀምርበት ዕድሜ 300 ሺህ እስከ 500 ሺህ ይቀራል፤ 37 ዓመቷ ላይ ወደ 25 ሺህ ይወርዳል። በየወሩ ብዙ እንቁላሎች ለማደግ ይነሳሉ፣ ብዙ ጊዜ የምትለቀቀው አንዷ ብቻ ናት፣ የቀሩት ይሞታሉ። ይሄ እርጉዝ ስትሆኚም፣ መከላከያ ስትወስጂም አይቆምም። ስለዚህ «መከላከያ ስለወሰድኩ እንቁላሌን ቆጥቤያለሁ» የሚባል ነገር የለም። «መከላከያ እንቁላሌን ጨረሰብኝ» የሚባልም የለም። የሚጨርሰው ጊዜው ነው።

ከብዛቱ ይልቅ የሚከብደው ግን ጥራቱ ነው። እንቁላሉ አንቺ ያለሽን ያህል ዓመት ነው የኖረው። ሲያረጅ የዘር መረጃ የሚሸከሙትን ክሮሞዞሞች በትክክል መከፋፈል ያቅተዋል፣ ከዚህም ሦስት ነገር ይመጣል፦ መፀነስ ይዘገያል፣ የተፀነሰው የመጨናገፍ ዕድሉ ይጨምራል፣ እንደ ዳውን ሲንድረም (ልጁ አንድ ትርፍ ክሮሞዞም ይዞ ሲወለድ) ያለ ችግር ይበዛል።

በቁጥር እንየው። በ20ዎቹ ውስጥ ያለች ጤነኛ ሴት ሳትከላከል በአንድ ወር ውስጥ የመፀነስ ዕድሏ ከ4 አንድ ያህል ነው። ልብ በይ፣ በወጣትነትም ቢሆን ከ4 ወር በሦስቱ አይሳካም፤ ሠርጓ ካለፈ ሁለት ወር ሆኖት የምታለቅስ ልጅ ይሄን ብታውቅ ጥሩ ነበር። 40 ላይ ከ10 አንድ ነው፣ ከዚያም ዝቅ የሚያደርጉት አሉ። ጽንስ መጨናገፍ በ20ዎቹ መጨረሻ ከ10 እርግዝና አንዱን ያህል ያገኛል፣ በ40 ከሦስት አንዱን ወይም ከዚያ በላይ፣ ከ45 በኋላ ከግማሽ በላይ። ዳውን ሲንድረም ደግሞ እናትየው 25 ዓመቷ ከሆነ ከ1,250 ልጆች በአንዱ፣ 35 ከሆነች ከ350 በአንዱ፣ 40 ከሆነች ከ100 በአንዱ ያጋጥማል። የ40ውን ገልብጠሽ አንብቢው፦ ከ100 ልጆች 99ኙ የለባቸውም።

መውረዱ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይደለም። እስከ 30ዎቹ መጀመሪያ ቀስ ይላል፣ ከ35 በኋላ ይፈጥናል፣ ከ37 እና 38 በኋላ ደግሞ ቁልቁለት ነው። 30 የሞላሽ ዕለት የሚዘጋ በር የለም፤ 43 ላይ ግን «ገና ነኝ» ማለት ራስን ማታለል ነው። ያቺ በ44 የወለደችውን ሁሉም ያውቃታል፣ በ44 ሞክረው ያልሆነላቸውን ግን ማንም አያወራቸውም።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ያልደረሰ ዕድሜ አለ። የጋብቻ ዕድሜ በሕግ 18 ነው፣ ከዚያ በታች መውለድ ለደም ግፊትና ለተራዘመ ምጥ ያጋልጣል። የተራዘመ ምጥ የሚያመጣውን ፊስቱላ የሚያክም የሐምሊን ማዕከል እዚሁ አጠገባችን ይርጋለም አለ፤ ወደዚያ የሚሄዱት ብዙዎቹ አሮጊቶች አይደሉም።

አሁን ወረቀት አውጪ

የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ስሌት አለ። በላብራቶሪ እርዳታ ሳይሆን በተፈጥሮ መንገድ የሚፈለገውን ያህል ልጅ ለማግኘት 90 በመቶ ዕድል እንዲኖር መሞከር መጀመር ያለበት መቼ ነው ብለው አሰሉ። አንድ ልጅ ለሚፈልጉ 32 ዓመት፣ ሁለት ለሚፈልጉ 27፣ ሦስት ለሚፈልጉ 23 ወጣ። 75 በመቶ ዕድል ይበቃኛል ለሚል ደግሞ 37፣ 34 እና 31 ነው። ሰው ይሄን ሲያይ ይደነግጣል። አትደንግጪ፣ ግን ማን ምን ያህል መጠበቅ እንደሚችል ያሳይሻል፦ አንድ ልጅ የምትፈልግ ሴት ያላት ጊዜና ሦስት የምትፈልግ ሴት ያላት ጊዜ በጣም ይለያያል። «ዕድሜሽ ሄደ» ከማለት በፊት «ስንት ትፈልጊያለሽ?» መባል ያለበት ለዚህ ነው።

ከኋላ ወደ ፊት እንዲህ ይቆጠራል። ሦስት ልጅ ፈለግሽ እንበል፣ የመጨረሻውን በ35 ዓመትሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ከአንድ ወሊድ በኋላ ለሚቀጥለው ከመሞከር በፊት ቢያንስ 24 ወር ጠብቂ ይላል። በዚያ ላይ ለመፀነስ የሚፈጀው ጊዜና ዘጠኙ ወር ሲደመር በልጅና በልጅ መካከል ሦስት ዓመት ያህል ይሆናል። መጨረሻው በ35 ከሆነ መካከለኛው በ32፣ የመጀመሪያው በ29። እሱን በ29 ለመውለድ ደግሞ 27 ዓመት ተኩል አካባቢ መከላከያ መቆም አለበት፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው በመጀመሪያው ወር አይፀንስም። አሁን 25 ከሆንሽ ሁለት ዓመት ተኩል አለሽ። ዲግሪሽን ጨርሺበት፣ ዕቁብሽን ውሰጂበት፣ ቤት ቀይሪበት።

አሁን 34 ሆነሽ ሁለት የምትፈልጊ ከሆነስ? ያው «ከፋሲካ በኋላ» ማለቱን ትተሽ አሁን መጀመር ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜም ከሐኪምሽ ጋር ተነጋግረሽ ወደ 18 ወር ማሳጠር ይቻላል። በኦፕራሲዮን የወለድሽ ከሆነ ግን ይሄን ራስሽ አትወስኚው፣ ጠባሳው ጊዜ ይፈልጋል።

ጓደኛ የሌለሽ ወይም ለማግባት ያላሰብሽ ከሆነ ማንም በዚህ ሰበብ ወዳልፈለግሽው ትዳር እንዲገፋሽ አትፍቀጂ። ስሌቱ የአንቺ ነው፣ የአክስትሽ አይደለም።

መከላከያውን ከስሌቱ ጋር ማጋጠም

ዋናው ጉዳይ እዚህ ጋ ነው። ጥያቄው «የቱ ይሻላል?» ሳይሆን «ለመቼ ነው ልጅ የምፈልገው?» ነው።

ከመርፌው እንጀምር፣ በአገራችን ከሁሉም በላይ የሚወሰደው እሱ ነውና። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በፈረቃ የሚሠሩ ልጆች ከተማውን ሞልተውታል፣ ለእነሱም መርፌው ይመቻቸዋል፤ በሦስት ወር አንዴ ነው፣ ክኒን መደበቅ የለ፣ ሰዓት መቁጠር የለ። ጥሩ መድኃኒት ነው። ግን ሳይነገርሽ እንዳትወስጂው፦ ካቆምሽ በኋላ መፀነስ ይዘገያል። ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ ሲቆጠር በአማካይ 10 ወር አካባቢ ይፈጃል፣ እስከ ዓመት ተኩል የሚቆይባቸውም አሉ። መካን አያደርግም፣ ያዘገያል እንጂ። ለ23 ዓመት ልጅ 10 ወር ምንም አይደለም። ለ37 ዓመት ሴት ግን ብዙ ነው፤ እሷ በአንድ ዓመት ውስጥ ልጅ የምትፈልግ ከሆነ መርፌውን አልመክራትም፣ ሌላ አለ።

«ፔሬዴ ሲቀር ደሙ የት ነው የሚጠራቀመው?» የሚል ጥያቄ በየቀኑ ይመጣል። የትም አይጠራቀምም። መርፌው የማህፀኑን ግድግዳ ስለሚያሳሳው ለመፍሰስ የሚዘጋጅ ነገር ብዙ የለም፣ ያ ነው።

ክንድ ውስጥ የሚቀበረው የሦስት ዓመቱ ወይም የአምስት ዓመቱ ነው። ስሙ አያሳስትሽ፣ ሦስት ዓመት መቆየት ግዴታ አይደለም፤ በስድስተኛው ወር ሐሳብሽን ብትቀይሪ መጥተሽ ታስወጪዋለሽ። ከወጣ በኋላ ሆርሞኑ በቀናት ውስጥ ከደም ይጠፋል፣ ብዙዎቹም በሚቀጥለው ወር እንቁላል ይለቃሉ። ክፉ ጎኑ ደሙ ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይቀራል፣ አንዳንዴ ለሳምንታት ጠብ ጠብ ይላል። ይሄን ቀድማ ያልሰማች ሴት ፈርታ በወሩ ታስወጣዋለች። የሳንባ ነቀርሳ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ንገሪን፤ ከእነሱ አንዳንዶቹ የክንዱንም የክኒኑንም ኃይል ይቀንሳሉ። መርፌውንና ማህፀን ውስጥ የሚገባውን ሉፕ ግን አይነኩም።

ሉፕ፣ መዳቡ ማለቴ ነው፣ ሆርሞን የለበትም። ከ10 ዓመት በላይ ይሠራል፣ ሲወጣ ያኔውኑ መፀነስ ይቻላል። ስሙን የሚያጠፉት ሰዎች «ወደ ልብ ይሄዳል» ይላሉ፤ ማህፀንና ልብ የሚያገናኝ መንገድ የላቸውም። ፔሬድ ሊያበዛና ቁርጠት ሊጨምር ይችላል፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት። ደም ማነስ ያለባት ሴት ይሄን ታስብበት።

ክኒን በየቀኑ በአንድ ሰዓት ለምትውጥ ነው። የሌሊት ፈረቃ ለምትቀያይር ልጅ ይረሳል፣ ስለዚህ አልወደውም። ካቆምሽው በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ውስጥ ዑደቱ ይመለሳል። ዕድሜ እዚህም ይገባል፦ 35 ያለፈችና ሲጋራ የምታጨስ፣ ወይም በማንኛውም ዕድሜ ደም ግፊት ያለባት ሴት የተለመደውን ጥምር ክኒን መውሰድ የለባትም፣ የደም መርጋትና ስትሮክ ሊያመጣባት ይችላል። ከፋርማሲ ዝም ብለሽ ከመግዛትሽ በፊት ግፊትሽን ተለኪ። ጡት እያጠባሽ ከሆነም የምታጠባ እናት የምትወስደው ክኒን ለብቻው አለ።

ፖስትፒል የድንገተኛ ነው። ግንኙነቱ በተፈጸመ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በፈጠነ ቁጥር ይሻላል። በወር ሦስት አራት ጊዜ ፖስትፒል የምትገዛ ልጅ ካወቅሽ እጇን ይዘሽ አምጪያት፤ አትቆጪያት፣ የሚያስተማምን ነገር ይሰጣታል።

ስለ ማጥባት ደግሞ «እያጠባሁ አላረግዝም» የሚባለው እውነት የሚሆነው ሦስቱ ሲሟሉ ብቻ ነው፦ ልጁ 6 ወር ሳይሞላው፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ ሲጠባ፣ ፔሬድ ሳይመለስ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ መከላከያ ጀምሪ።

የት ይገኛል? በማንኛውም የመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው። አዳሬ ሆስፒታል አለ፣ ሪፈራል ሆስፒታሉ አለ፣ የቤተሰብ መምሪያ ማህበርና ሜሪ ስቶፕስም ከተማው ውስጥ ክሊኒክ አላቸው። የባል ፊርማ የሚጠይቅ ሕግ የለም። ስለ ቤተሰብ ዕቅድ ትምህርት፣ መረጃና አቅም ማግኘት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 የተጻፈ የሴት መብት ነው፣ ስለዚህ የሚያንገራግርሽ ሰው ካጋጠመሽ ተረጋግተሽ ኃላፊውን ጥሪ።

ልጅ ልትሞክሪ ስትይ

መከላከያውን ከማቆምሽ ቢያንስ አንድ ወር በፊት ፎሊክ አሲድ ጀምሪ። 400 ማይክሮግራም፣ በቀን አንዴ፣ እርግዝናው 12 ሳምንት እስኪሞላው። የልጁ አከርካሪና አንጎል የሚሠራው አንቺ ማርገዝሽን ሳታውቂ በሚያልፉት የመጀመሪያ ሳምንታት ነው፤ ስለዚህ «ስፀንስ እጀምራለሁ» ያለች ዘግይታለች። ጎመንና ምስር ውስጥም አለ፣ ግን አይበቃም። ከዚህ በፊት አከርካሪው ያልተዘጋ ልጅ የወለድሽ ከሆነ መጠኑ በጣም ከፍ ይላል፣ እሱን ሐኪም ይጽፍልሻል።

አብረሽም ደምሽን ተመርመሪ፦ ኤችአይቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ቂጥኝ፣ የደም ማነስ፣ የደም ዓይነት። ሾተላይ የሚባለው ብዙ ጊዜ ከደም ዓይነት አለመጣጣም ነው የሚመጣው፤ እናት ኔጌቲቭ፣ አባት ፖዘቲቭ ሲሆኑ የሚሰጥ መርፌ አለ፣ ከወለድሽ በኋላም በ72 ሰዓት ውስጥ መወጋት አለበት። ስኳር፣ ግፊት ወይም የሚጥል በሽታ ካለብሽ መድኃኒቱ ሊቀየር ስለሚችል ቀድመሽ አማክሪ።

ከዚያ ቀኑን መቁጠር ነው። የእኛ ወር ከጳጉሜን በቀር ሁሌም 30 ቀን ስለሆነ ለዚህ ሥራ ከፈረንጁ ይመቻል። ዑደትሽ 28 ቀን ከሆነና ፔሬድሽ ጥቅምት 10 ከጀመረ የሚቀጥለው ኅዳር 8፣ ከዚያ ታኅሣሥ 6 ይመጣል፤ በየወሩ ሁለት ቀን ወደ ኋላ። «ፔሬዴ ተዛባ፣ ቀኑ እየቀደመ ነው» የምትለው ልጅ ብዙ ጊዜ ይሄ ብቻ ነው ያለባት። ጳጉሜንም አትርሺ። ነሐሴ 20 የመጣ ፔሬድ የሚቀጥለው መስከረም 13 ነው፤ ጳጉሜን የዘለለች ሴት 18ን ስትጠብቅ አምስት ቀን ቀድሞ የመጣ ይመስላታል።

እንቁላል የሚለቀቀው ከሚቀጥለው ፔሬድ 14 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ነው። በጥቅምቱ ምሳሌ 23 ወይም 24 ላይ። የወንድ ዘር ውስጥሽ እስከ 5 ቀን ይቆያል፣ እንቁላሉ ግን ከ12 እስከ 24 ሰዓት ብቻ ነው የሚኖረው፤ ስለዚህ ዋናዎቹ ቀናት ከጥቅምት 18 ወይም 19 እስከ 24 ናቸው። በነዚህ ቀናት በየቀኑ ወይም በሁለት ቀን አንዴ በቂ ነው። ባልሽ ሥራው ሻሸመኔ ወይም ዲላ ሆኖ በ15 ቀን አንዴ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ማህፀንሽ ላይሆን ይችላል፤ የሚመጣበትን ቅዳሜ አስተካክሉት። ዑደትሽ ከ21 ቀን የሚያንስ ወይም ከ35 የሚበልጥ ከሆነ ወይም ለወራት የሚቀር ከሆነ መቁጠሩን ተይውና ቶሎ ታዪ።

አልመጣ ሲል

ደንቡ ቀላል ነው። ከ35 በታች ከሆንሽ አንድ ዓመት ሞክሪ። 35 ከሞላሽ ስድስት ወር። 40 ካለፈሽ አትጠብቂ፣ እንዳሰብሽ ሂጂ። በዕድሜሽ የማይወሰንም አለ፦ የታችኛው ሆድ ኢንፌክሽን የነበረባት፣ ከማህፀን ውጪ ያረገዘች፣ የማህፀን ወይም የሆድ ኦፕራሲዮን የተሠራች ሴት ዓመት መጠበቅ የለባትም።

እንቁላል ወደ ማህፀን የሚያልፍበት ቱቦ መዘጋት እኛ ጋ ትልቅ ጉዳይ ነው። እንደ ክላሚድያና ጨብጥ ያሉ በሽታዎች ምንም ምልክት ሳያሳዩ ቱቦውን ያጠባብቁታል፣ ነቀርሳም እንደዚሁ ያደርጋል። ብዙ ሴት «መከላከያ ነው እንዲህ ያደረገኝ» የምትለው እውነተኛው ምክንያት ይሄ ሆኖ ነው። መርፌ ከእርግዝና እንጂ ከኢንፌክሽን አያድንም፣ ከኢንፌክሽን የሚያድነው ኮንዶም ነው።

ወንዱስ? ልጅ ካልመጣላቸው ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ውስጥ የወንዱ ድርሻ አለበት። እሷ ጠበል ስትመላለስ፣ የባህል መድኃኒት ስትጠጣ፣ አልትራሳውንድ ስትነሳ ዓመታት ያልፋሉ፣ እሱ አንዴም አልታየም። የሱ ምርመራ እኮ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ከሁለት እስከ ሰባት ቀን ግንኙነት ሳይፈጽም ቆይቶ ዘሩን ላብራቶሪ መስጠት ብቻ ነው። «ከሌላ ልጅ አለኝ» ማለት መልስ አይሆንም፣ ያ ድሮ ነው። «ችግሩ ያንተ ነው» ብለሽ አትጀምሪ፣ «ሐኪሙ ሁለታችሁም ካልመጣችሁ አላይም አለ» በይው፤ እውነት ነው፣ ጥሩ ሐኪም እንደዚያ ይላል። አዲስ ዘር ለመሠራት ሦስት ወር ያህል ስለሚፈጅበት ሲጋራውንና መጠጡን ዛሬ ቢያቆም ለውጡ የሚታየው ከሦስት ወር በኋላ ነው። የወንድም ዕድሜ ይቆጠራል፣ ከ40ዎቹ በኋላ ዘሩ ይደክማል፣ እንደ ሴቷ አይፈጥንም እንጂ። ጠበሉን ተዪ አላልኩም፤ ጠበሉም ምርመራውም ጎን ለጎን ይሂዱ።

ለአንቺ የሚታዘዝልሽ የሆርሞን ምርመራ፣ አልትራሳውንድ እና የቱቦ ራጅ ነው። ኤኤምኤች የሚባለውን ብዙዎች በግል ላብራቶሪ ራሳቸው ያሠራሉ። እሱ የቀረውን እንቁላል ብዛት ይገምታል፣ ጥራቱን አይነግርሽም፤ ዝቅ ያለ ቁጥር ያላት ሴት በሚቀጥለው ወር ልትፀንስ ትችላለች። ብቻሽን ወረቀቱን ይዘሽ አታልቅሺ።

ከዚህ የባሰ ከሆነ መንገዱ አዲስ አበባ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. የከፈተው የመንግሥት ማዕከል በላብራቶሪ የማስፀነስ ሥራ ይሠራል፣ የግልም አለ። ግን ይሄም ዕድሜን አይመልስም። የሚጠቀመው የራስሽን እንቁላል ነው፣ ከ35 በታች ላለች ሴት ጥሩ ተስፋ ሲሆን ከ42 በኋላ በራሷ እንቁላል የሚሳካላት በጣም ጥቂት ናት። «ቢበዛ ላብራቶሪ አለ» ብሎ ማዘግየት ብዙ ብር ያስወጣል፣ ልጁም ላይገኝ ይችላል።

35 አልፎሽ ካረገዝሽ

እንኳን ደስ ያለሽ፣ መጀመሪያ ይሄን ማለት ይገባል። ሰው ግን የሚልሽ «በዚህ ዕድሜሽ!» ነው። አብዛኛዋ ሴት በሰላም ትወልዳለች። ደም ግፊት፣ የእርግዝና ስኳርና በኦፕራሲዮን መውለድ ከወጣቷ ስለሚበዙባት ክትትሉን ከ12 ሳምንት በፊት ትጀምር፣ ስምንቱንም ቀጠሮ ትጨርስ። የሚያጥበረብር ራስ ምታት፣ የፊት እብጠት ወይም ደም ካየሽ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በሌሊትም ቢሆን ባጃጅ ጥሪ።

«አርጅቻለሁ» ብለሽ ስታቆሚ

ስለዚህኛው ማንም አይነግራቸውም። 43 ዓመቷ ነው፣ ትልቋ ልጇ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፣ ፔሬዷ አንድ ወር መጥቶ ሁለት ወር ይቀራል፣ «አበቃልኝ» ብላ መከላከያውን ትታለች፤ ከዚያ የአራት ወር እርጉዝ ሆና ትመጣለች። የመፀነስ ዕድሉ ዝቅ ይላል እንጂ ዜሮ አይሆንም። ማረጥ ብዙ ጊዜ ከ45 እስከ 55 ባለው ይመጣል፣ እንደደረሰ የሚታወቀው ደግሞ ፔሬዱ ተከታታይ 12 ወር ሲጠፋ ነው። 50 ያለፈሽ ከሆነ ያ አንድ ዓመት እስኪሞላ ተከላከዪ፣ ከ50 በታች ከሆንሽ ሁለት ዓመት። መርፌና ክንድ ውስጥ የሚቀበረው ፔሬድ ስለሚያጠፉ ወይም ስለሚያዛቡ በእነሱ ላይ ሆነሽ መቁጠር አይሆንልሽም፣ መጥተሽ አማክሪ። በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ የሚመቸው ሉፕ ነው፤ 40 ከሞላሽ በኋላ የገባ የመዳብ ሉፕ እስክታርጪ ድረስ ሊቆይ ይችላል። ማረጥሽ ሲረጋገጥ ግን መጥተሽ አስወጪው፣ ውስጥ ተረስቶ መቅረት የለበትም።